ቁልቁለቱ ብድር ነው

ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን አስቀድሞ ይከፍላል። ሲያልበው አረፍ ይላል፤ ጉልበቱ እምቢ ካለው ፊቱን አዙሮ ይወርዳል፤ የመልሱ መንገድም ቁልቁለት ነው። ገደል የሚወርድ ሰው ግን ሒሳቡ ተገልብጦበታል። ማለዳ ጉልበቱ ሙሉ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መንገዱም ራሱ እየሳበ ያወርደዋል። መድከሙን የሚያውቀው ታች ከደረሰ በኋላ ነው። ያኔ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች፣ ኮዳው ጎድሏል፣ የተነሳበት መንደር ደግሞ ከራሱ በላይ ሰማይ ጥግ ላይ ቀርቷል። ወደ ሸለቆ የሚወስድ ቁልቁለት ሁሉ ብድር ነው፤ የተበደሩትን ያህል በዚያው ቀን፣ በሙቀት ውስጥ፣ በደከመ ጉልበት ይመልሱታል። በአሜሪካ የግራንድ ካንየን ጠባቂዎች ለእግረኛ የሚሰጡት ማሳሰቢያ መውረድ በፈቃድ፣ መውጣት ግን በግዴታ መሆኑን ነው። የእኛ ቆለኞች ይህን ያለ ማሳሰቢያ ያውቁታል። እኔ የተማርኩት ከእነሱ ነው፤ ያስተማረኝም የዓባይ በረሃ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ የዓባይን በረሃ አይቼዋለሁ ይላል። ያየው ግን ምንድን ነው? ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ወደ 20 ኪሎ ሜትር፣ ከወንዙ እስከ ደጀን ደግሞ ሌላ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥምዝምዝ መንገድ ነው። ፀሐይዋ ስለምታቃጥል መጋረጃ ይዘጋል። ግማሹ ተሳፋሪ ያንቀላፋል፤ የሚያቅለሸልሸው ፌስታል ይጠይቃል፤ አንዱ መስኮት ይከፈት ሲል ሌላው ንፋስ ይመታኛል ይላል። ድልድዩ ላይ ሲደረስ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ውሃውን ለጥቂት ሰከንዶች ያያል፤ ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል፣ እንቅልፉም ይቀጥላል። በግጥማችን፣ በዘፈናችን፣ በሸንጎና በቡና ላይ ክርክራችን ስሙ እንደ ዓባይ የተነሳ ወንዝ የለንም። ወርዶ ውሃውን በእጁ የነካው ግን ስንቱ ነው? ዓባይን አወቀ ልል የምችለው በእግሩ የወረደውን፣ ሙቀቱን በፊቱ የተቀበለውን፣ ዳገቱንም በጉልበቱ የከፈለውን ሰው ነው። በዚህ አቋሜ አልደራደርም።

ለጀማሪ ግን በቀጥታ ዓባይ ውረድ አልለውም። ደብረ ሊባኖስ ይቅደም። ከአዲስ አበባ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ በኩል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ፣ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት ለጥ ያለ ሜዳ ምንም ሳያስጠነቅቅ ያልቃል። አንዱ እርምጃ ሜዳ ነው፤ ቀጣዩ ገደል ነው። ከታች የሚታየው የጀማ ወንዝ ሸለቆ ቅርንጫፍ ነው፤ ጀማም ውሃውን ለዓባይ ይገብራል። ወደ ገዳሙ ከሚወስደው መገንጠያ ብዙም ሳይርቅ፣ አፋፉ አጠገብ፣ ሰዉ የፖርቹጋል ድልድይ የሚለው የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ሥራውን የሚሰጡት የዳግማዊ ምኒልክ አጎትና የሰላሌ ገዥ ለነበሩት ለራስ ዳርጌ ነው። ኖራው ከሰጎን እንቁላል ጋር ተቦክቶ ነው የሚለውን ትረካ ከአካባቢው ልጆች ሳይሰሙ መመለስ አይቻልም። ከድልድዩ በታች ውሃው ጥቂት በሰላም ይፈስና ከአፋፉ ይወረወራል። ከክረምቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት የመጣ ሰው ፏፏቴውን ከማየቱ በፊት ድምፁን ይሰማል።

ጭላዳዎቹን ለማየት ማለዳ መድረስ ነው። ሌሊቱን ነብር በማይደርስበት የገደሉ እርከን ላይ ያድሩና ፀሐይ ሞቅ ስትል አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ብቅ ይላሉ። አንዱን አውራ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኜ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ቂጡን ሣሩ ላይ አሳርፎ፣ ሳይነሳ እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ይነጫል። የደረቀውን ሣር በጣቶቹ ገለል ያደርግና ከሥሩ ያለውን ለምለም ብቻ ይለቅማል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይወስዳል፤ አንዱ እጅ ሲያጎርስ ሌላው ሥራውን አያቋርጥም። ንፋሱ ጎፈሩን ሲበትነው ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ተገለጠ። ቀና ብሎ አየኝ፤ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝና ወደ ሣሩ ተመለሰ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ ያደረገ እሱ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪም በዱር የትም አይገኝም። እኛ ዘቅዝቀን ለማየት የምንፈራው ገደል ለእሱ መኝታ ቤቱ ነው፤ ልጆቹን የሚያሳድረው እዚያ ነው።

ደብረ ሊባኖስ አፋፍ ላይ ስቆም ከጭላዳና ከፏፏቴ ሌላ የማስበው ነገር አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱትን ይህን ገዳም፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ ከበበው። መነኮሳቱ፣ ዲያቆናቱና ለበዓል የመጡ ምእመናን ተይዘው ተረሸኑ። ብዙዎቹ የተገደሉት ከገዳሙ ራቅ ብሎ፣ ላጋ ወልዴ በሚባል ሸለቆ ውስጥ ነው። ገደል የሰው ልጅ ክፋት የሚሸሸግበትም ቦታ ሆኖ ያውቃል። ለሽርሽር ወደዚህ የመጣ ሁሉ ወደ ገዳሙ ወርዶ፣ በእምነቱ የሚጸልይ ከሆነ ጸልዮ፣ ካልሆነም ለአፍታ ቆሞ ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ከፍቼና ከገብረ ጉራቻ በኋላ ጎሃ ጽዮን ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ ወደ 185 ኪሎ ሜትር ነው። ከተማው ያለበት አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፤ ድልድዩ የተዘረጋበት የወንዙ ወለል ደግሞ ወደ 1,050 ሜትር ዝቅ ይላል። በመካከሉ ያለው ቁመት ከ1,400 ሜትር ያላነሰ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፣ ላይ ጋቢ ያስደረበ ማለዳ ታች ሸሚዝ ያስወልቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ቀን እግር መንገድ ውስጥ ነው።

እኔና ጓደኞቼ የወረድነው በኅዳር ነበር፤ ዝናቡ ካባራ፣ መንገዱ ከደረቀ በኋላ፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ቃጠሎ ደግሞ ገና ሳይመጣ። በዋዜማው ማታ መንገድ የሚመራን ሰው አፈላለግን። ያገኘነው ጎልማሳነቱን የጨረሰ ገበሬ ነበር፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገር፣ አባቱ ከዚህ ማዶ፣ እናቱ ከደጀን በኩል። ሸለቆው ሁለት አገር የሚለይ ቢመስልም፣ በገበያና በጋብቻ የተሳሰረ ሕዝብ በሁለቱም አፋፍ አለ። «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት እንነሳ?» ብለን ጠየቅነው። «ልጆቼ፣ የምትነሱበትን ሳይሆን ጥላ የምትገቡበትን ጠይቁኝ፤ ከአራት ሰዓት ወዲያ መንገዱ የፀሐይ ነው፣ የእኛ አይደለም» አለን። ቦርሳችንን አስከፍቶ አየ። ትርፍ ልብሱን አስወጣ፤ በምትኩ ውሃ አስጨመረን፤ ለእያንዳንዳችን ከአራት ሊትር የሚያንስ አልፈቀደም። ገደል መሪ ከመንገድ በፊት የሚመራው ስንቅ ነው።

ወፍ ሲንጫጫ ወጣን። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ የሚወርደውን የእግር መንገዱ በአቋራጭ ይቆርጠዋል። አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት በላይ በላዩ እየፈሰሰ የሠራው፣ በየቦታው በአምድ በአምድ የተሰነጠቀ። ከእሱ ሥር አሸዋ ድንጋይ ይከተላል፤ ከዚያ ገደላማው፣ ነጣ ያለው ኖራ ድንጋይ፤ ከዚያም ጀሶና ሸክላማ አለት፤ በመጨረሻም ወንዙ አጠገብ ቀይ አሸዋ ድንጋይ። ከሥነ ምድር ትምህርት ቤት ውጪ ይህን ያህል ዘመን በዚህ ግልጽነት ተደርድሮ የሚታይበት ቦታ አላውቅም። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የጀሶውን ንብርብር የሚጠሩት በዚህችው በጎሃ ጽዮን ስም ነው፤ ከተማዋ የዓለም ተመራማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው፤ በአውቶቡስ የሚያልፋት ሰው ግን የምሳ ማቆሚያ አድርጎ ብቻ ያስታውሳታል።

ኖራ ድንጋዩ መካከል ስንደርስ መሪያችን ጎንበስ ብሎ አንድ ቁራጭ አነሳና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ከጥፍር የማይበልጥ ቅርፊት ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆኖ ተጣብቋል፤ ከሥሩ ተነስተው እስከ ጠርዙ የሚዘረጉት ስስ መስመሮች አንዱም አልጠፋም፤ ጣት ሲያልፍባቸው ይቆረቁራሉ። የባሕር እንስሳ ቅርፊት ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ በቅሎ የሚያለከልክበት ይህ ዳገት ከባሕር ሥር ነበር። ጀሶው ደግሞ ከዚያም በፊት ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን የቀረ ነው። በጀማ ሸለቆ፣ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ባለው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች የዳይኖሰር ጥርሶችን አግኝተዋል። ድንጋዩን ወደ ነበረበት መለስኩት፤ እዚያ የሚሄድ ሁሉም ይመልሰው። መሪያችን አለቶቹን የሚያውቃቸው በሌላ መንገድ ነው። ጥቁሩ ለግንብ ይሆናል፤ ነጩ ለኖራ ይቃጠላል፤ ከእሱ በታች ያለው መሬት ግን ክረምት ይከዳል፣ ቤት አይሠራበትም። የመንገድ መሐንዲሶችም ከዚሁ ተዳፋት ጋር ለዓመታት ሲታገሉ ኖረዋል፤ ዝናብ ሲጠግብ አስፋልቱን ይዞት ይንሸራተታል።

ይህ ሁሉ ጥልቀት የመጣው ሁለት ነገር አብሮ ስለሠራ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ከሥር እየተገፋ ከፍ አለ፤ ወንዙም ቦታውን ሳይለቅ ወደ ታች መቁረጡን ቀጠለ። ያለ ክረምቱ ጎርፍ፣ ያለ ደጋው ከፍ ማለት ይህ ገደል አይኖርም ነበር።

ወደ ታች በወረድን ቁጥር ገብሱና ስንዴው ቀረ፤ ጤፉም ሳሳ፤ ማሽላ መጣ። ከጽድና ከወይራ ወደ ግራር፣ ከግራርም ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ወደሚላጠው የዕጣን ዛፍ ተሸጋገርን። ምንጭ ባለበት ጉያ ሁሉ ማንጎና ሎሚ አለ። ከታች ወደ ገበያ የሚወጡ ሰዎች ይገጥሙን ጀመር። አንዲት እናት ሎሚ በስልቻ አዝለው፣ ዳገቱን በአንድ ዓይነት ቀርፋፋ አረማመድ ሳያቋርጡ ይወጣሉ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው የምትወርዱት?» አሉን። «ዓባይን ልናይ ነው፣ እናቴ» አልናቸው። ስልቻቸውን ሳያወርዱ፣ ጎንበስ ብለው አፉን ፈታ አደረጉና ሎሚ ዘግነው ሰጡን። «ጥማት ሲመጣ ውሃ ከመጨረሳችሁ በፊት ይህን ምጠጡ» አሉ። ዋጋውን እንክፈል ብንል አሻፈረኝ አሉ። አረማመዳቸውን ግን ልብ አልኩት፤ በኋላ የጠቀመኝ እሱ ነው። አይፈጥኑም፤ አይቆሙም፤ ትንፋሻቸውና እግራቸው አንድ ላይ ነው።

ወንዙ ዳር የደረስነው ከአራት ሰዓት ጥቂት ካለፈ በኋላ ነው። ሙቀቱ ከመሬቱም ከገደሉ ግድግዳም ይመጣል። ሁለቱ ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ፦ አሮጌውና እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ። ቦታው ጥበቃ ያለበት ስለሆነ እዚያ ካሜራ ማውጣት አያስፈልግም፤ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ከላይ ከአፋፉ ያንሳ። አዞም አለ። መሪያችን ያስጠጋን ውሃው ጥልቀት በሌለውና ወለሉ በሚታይበት አንድ ድንጋያማ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ ዘገንኩ። ክረምቱ ካለፈ ሳምንታት ቢቆጠሩም ውሃው ገና ድፍርስ ነበር። በጣቶቼ መካከል ፈስሶ ሲያልቅ፣ በመዳፌ መስመሮች ውስጥ ስስ ቡናማ ደለል ቀረ።

ያ ደለል የማን እንደሆነ አስቡት። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከበጌምድር ማሳ የታጠበ አፈር ነው፤ አንድ ገበሬ ጠዋት ወጥቶ ያጣው እርሻ ነው። ከናይል ውሃ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ ይነሳል ሲባል እንኮራለን፤ ከውሃው ጋር የሚሄደውን አፈር ግን ብዙም አናነሳውም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት የኖረው ወንዙ ማደሪያ ባጣበት ዘመን ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ህዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መያዝ የሚችለው ንጋት ሐይቅ ዛሬ ለውሃውም ለአፈሩም ማደሪያ ነው። ስለዚህ በደጋው ላይ እርከን የሚሠራ፣ ተዳፋቱን በዛፍ የሚሸፍን ገበሬ ሁለት ነገር ያድናል፦ ማሳውንና ግድቡን። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው አውቃለሁ፤ ያመንኩት ግን መዳፌን ካየሁ በኋላ ነው።

ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ይህን ወንዝ መሻገር ራሱ ታላቅ ጀብዱ ነበር። ሰዉ በተነፋ ቆዳ እየታገዘ በዋና ይሻገር ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ አገሮች ለወራት ይቆራረጡ ነበር። ከዚህ ብዙ ርቆ፣ ወደ ጣና አቅጣጫ፣ በጎጃምና በበጌምድር መካከል ስባራ ድልድይ የሚባል የጎንደር ነገሥታት ዘመን ሥራ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ ሰዎች ክፍተቱን በገመድ እየተሳቡ ለአሥርት ዓመታት ተሻግረውታል። አንዱ ወገን ገመዱን ይዞ ይቆማል፤ ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ያስረዋል፤ ከታች ዓባይ ይፈስሳል። ገበያ ለመድረስ፣ ልጅ ለመዳር፣ ለቅሶ ለመድረስ ሲሉ ነው።

በውሃው ላይ በጀልባ መውረድንም የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ቡድን፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ መልካም ፈቃድ፣ በዚህ ሸለቆ ውስጥ በሚነፋ ጀልባ ተጉዟል። ፏፏቴዎቹ፣ ሽፍቶቹና አዞዎቹ ተደራርበው አስቸገሩት፤ አንድ አባሉም ውሃ ወስዶት ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከኢትዮጵያ ደጋ ተነስተው፣ ከአንድ መቶ ቀናት በላይ ቀዝፈው፣ ሜዲትራንያን ባሕር ደረሱ። ወንዙን ከምንጩ እስከ ባሕሩ መቅዘፍ የቻሉ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው ይባላል። ጀግንነታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን በዚህ ወንዝ ላይ ስለ ድፍረት ሲወራ፣ ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ገበያ የተሻገሩት ሰዎች ስም አለመነሳቱ ያንገበግበኛል።

ቀትሩን በአንድ ሾላ ጥላ ሥር አሳለፍነው። መሪያችን በሶ በጥብጦ፣ ጨው ጨምሮ አጠጣን። ለገደል መንገድ ከበሶ የሚሻል ስንቅ አላየሁም፤ ቀላል ነው፣ ሙቀት አያበላሸውም፣ ሆድ አይከብድበትም፣ ጨውም ይመልሳል። ደረቅ ፈፋ ውስጥ መቀመጥን ግን በጭራሽ አልፈቀደልንም፤ ጥላው የቱንም ያህል ቢያምር። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ደጋው ላይ ነው፤ ታች ሰማዩ ጥርት እንዳለ ደራሽ ውሃ ይመጣል፣ ድንጋዩን እያንከባለለ። ኅዳር ቢሆንም ሕጉ ሕግ ነው። በክረምትና በበልግ ወደ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይቶ አይመን፤ አፋፉ ላይ ካለ ሰው ጋር በስልክ ይነጋገር።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ብድሩን መክፈል ጀመርን። ስለ ዳገቱ ብዙ አልናገርም፤ ዳገት ነው። ጀሶው ላይ እግር ያንሸራትታል፤ ኖራ ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ይመልሳል። የሎሚዋን እናት አረማመድ ያዝኩ፦ አለመፍጠን፣ አለመቆም። ከእኛ ውስጥ በጣም ጠንካራው፣ ከታች ሮጦ የጀመረው ጓደኛችን፣ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ጡንቻው ተኮማትሮ ተቀመጠ። መሪያችን ምንም ሳይናገር ቦርሳውን ወስዶ ተሸከመለት፤ ጨውና ሎሚ ሰጠው፤ ቀጥሎም ከሁላችንም ፊት እንዲሄድ አደረገው። በገደል ውስጥ ፍጥነቱን የሚወስነው የደከመው ሰው ነው።

ጨለማ ሲይዝ ፍልቅልቅ ደረስን፤ በዳገቱ ወገብ ላይ ያለች መንደር ናት። የመሪያችን ዘመዶች እግራችንን አስታጥበው ቡና አፈሉልን። የቀረውን ዳገት በማግስቱ በብርድ ወጣነው፤ እንዲህ መክፈል ይሻላል፣ በሁለት ጊዜ።

ይህ ሸለቆ ለሀገር ጎብኚ ምን ይደረግለት ሲባል፣ ትልልቅ ሆቴልና በገመድ የሚንሸራተት መኪና የሚያስቡ አሉ። እኔ የምመኘው ሌላ ነው። የታወቀ የእግር መንገድ፤ በየጥቂት ሰዓቱ ንጹሕ ውሃ የሚገኝበት ማረፊያ፤ ከሁለቱም አፋፍ የተደራጁ፣ የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠኑ መሪዎች፤ የሚከፈለው ገንዘብም እዚያው ቀበሌ የሚቀርበት ሥርዓት። የማይቻል ነገር አይደለም። በላሊበላ አቅራቢያ በመቄት ገበሬዎች በራሳቸው መንደር እንግዳ ማረፊያ አቁመው እግረኞችን አስተናግደዋል። በመንዝ ጓሳም ሕዝቡ በአባቶቹ ሥርዓት የጠበቀው ሣር ዛሬ ለጭላዳውም ለእንግዳውም ተርፏል። በዓባይ በረሃ ያለው እውቀት ከእነዚህ አያንስም፤ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የትኛው ተዳፋት እንደሚከዳ የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ አለ። የጎደለው እውቀቱን ዋጋ ያለው ሥራ ብሎ የሚቀጥረው ነው።

ዛሬ መንገዱ እንደ ቀድሞው ልብ ተሰጥቶ የሚኬድበት አይደለም፤ በዚያ መስመር የተጨነቀ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ ተነሱና ውረዱ አልልም። የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ፣ ደኅና ነው ሳይባል ማንም አይውረድ። ሰላሙ ሲመለስ ግን እኔ የምጀምረው ከጀማ ነው፦ ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ወርጄ፣ በዓለም ላይ በዚህ አካባቢ ሸለቆዎች ብቻ የሚገኘውን የሀርውድ ቆቅ ማለዳ ሲጮኽ መስማት እፈልጋለሁ። ከዚያ በደጀን በኩል፣ ከኩራር ወደ ወንዙ የሚወርደውን የእግር መንገድ። የመርሐቤቴም ሆነ የደጀን ልጆች ይህን የምታነቡ ካላችሁ ጻፉልኝ፦ ምንጩ እስከ የትኛው ወር ይቆያል? መሪ የሚሆን ሰው ከየትኛው ቀበሌ ይገኛል? የቀን ዋጋውስ በአካባቢው ስንት ቢከፈለው ተገቢ ነው ትላላችሁ?